አባታችን የሌሉ ሕፃናት ይታዩዋቸዋል፤ አልዛይመር ነው ወይስ ሌላ?

ጠያቂ (ልደታ)፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ለደም ግፊት አምሎዲፒን፣ ለእግር ማቃጠል ደግሞ ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ይወስዳሉ። ከአምና ጀምሮ አንድ ቀን ጨዋታቸው ሙሉ ነው፣ በማግስቱ ፈዘው ይውላሉ። «ሳሎን ውስጥ ሕፃናት ተቀምጠዋል» ይላሉ። ተኝተው ይጮኻሉ፣ ይራገጣሉ። እርምጃቸውም አጥሯል። አንድ ክሊኒክ አልዛይመር ነው ብሎ ሃሎፔሪዶል የተባለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አዘዘላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሰውነታቸው ግትር ብሎ መዋጥ ሲያቅታቸው አቆምነው። ከዶሮ ማነቂያ ሠፈር ቤታችን ፈርሶ ተነሥተን ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ደግሞ ሲመሽ «ወደ ቤቴ ልሂድ» እያሉ በር ይከፍታሉ። ምን እናስመርምር?

የነርቭ ሐኪም፦ ሃሎፔሪዶሉን ማቆማችሁ ትክክል ነው፤ ዳግመኛም እንዳይሰጣቸው። በካርዳቸው ላይ በጉልህ ይጻፍ።

የዘረዘርሽው ከአልዛይመር ይልቅ ሌላውን የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ዓይነት፣ የሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያን ይመስላል። ዋና ምልክቶቹ አራት ናቸው፦ ከቀን ቀን የሚለዋወጥ ንቃት፣ ጥርት ብሎ የሚታይ የሌለ ነገር፣ በሕልም ውስጥ መራገጥ፣ የፓርኪንሰን ዓይነት ግትርነትና ዘገምተኛነት። ከመርሳቱ ጋር ሁለቱ ካሉ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። እርምጃቸው ያጠረው ከሃሎፔሪዶሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን ለሐኪሙ ለይታችሁ ንገሩ፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ብቻውን ያንን ያመጣል። የሰውነት መዘግየቱ ከመርሳቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ከሆነ ደግሞ የፓርኪንሰን ዲሜንሺያ ይባላል።

አልዛይመር ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ የቅርቡን ነገር በማስረሳት ይጀምራል፦ የዛሬ ምሳ ይጠፋል፣ የልጅነቱ ይቀራል። ከደም ሥር የሚመጣው ከስትሮክ በኋላ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ግፊትና ስኳር መቆጣጠር ዋናው ሕክምና ነው። የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል የሚጎዳው ፍሮንቶቴምፖራል በአብዛኛው ከ65 ዓመት በፊት ጠባይን ወይም ንግግርን ይቀይራል፣ ለመርሳት የሚሰጠው መድኃኒት ዶኔፔዚልም አይረዳውም። መርሳት ከመንገዳገድና ሽንት ካለመቆጣጠር ጋር ሲመጣ የጭንቅላት ፈሳሽ መከማቸትን እናስባለን፤ ያ በቀዶ ሕክምና ሊሻሻል ይችላል።

ምርመራው፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ የታይሮይድ ቲኤስኤች፣ ቢ12፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ። ከዚያ ኤምአርአይ፤ ካልተገኘ ሲቲ። ምስሉ ሌዊ ቦዲን አያረጋግጥም፤ የምናነሣው ዕጢን፣ ስትሮክንና ከመውደቅ በኋላ የሚጠራቀም ደምን ለመለየት ነው። የማስታወስ ፈተናው ከ30 ነጥብ ይታሰባል፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ግን ውጤቱ ያሳስታል፣ ስለዚህ ትምህርታቸውን ቀድማችሁ አስታውቁ።

ፋርማሲስት፦ እኔ ከአሚትሪፕቲሊኑ እጀምራለሁ። ራሱ ያስረሳል፣ ግራ ያጋባል፣ ሽንት ይይዛል። ዶኔፔዚል የሚሠራው ደግሞ በተቃራኒው ስለሆነ ሁለቱን አብሮ መስጠት አንዱን በሌላው ማጥፋት ነው። በሐኪም ቀስ እየተባለ ይቀነስና ይተካ። ለአለርጂና ለእንቅልፍ ከየመደብሩ የሚገዛ ክሎርፌኒራሚንም እንደዚሁ ነው።

የእግር ማቃጠሉን አትለፉት። ስኳር ወይም የቢ12 እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ሥጋና ወተት ለረጅም ጊዜ የሚጾም አዛውንት ላይ ቢ12 መለካት የግድ ነው። ደም ሳይቀዳ የቢ ቫይታሚን መርፌ እንዳይወጉ፣ ውጤቱን ይሸፍነዋል።

ዶኔፔዚል ከታዘዘ መጀመሪያ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሣ፣ የልብ ምትን ያዘገያልና። 5 ሚሊግራም ማታ ቢያንስ ለአራት ሳምንት፣ ከተስማማቸው 10። ሕልም ካበዛ ወደ ጠዋት ይዛወራል። ማቅለሽለሽ ሲመጣ ፕላሲል እንዳትሰጡ! እሱም እንደ ሃሎፔሪዶሉ ያገትራቸዋል። ዶኔፔዚል በሽታውን አያድንም፤ ንቃቱንና የሚታያቸውን ነገር ግን ሊያሻሽል ይችላል።

የአእምሮ ጤና ነርስ፦ ድንገት፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከባሰባቸው የዲሜንሺያው እድገት አይደለም፤ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት ፈልጉ። ያን ዕለት ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ስለ ሕፃናቱ አትከራከሯቸው። ካልፈሩ ተዉት፤ ከፈሩ መብራት አብሩ፣ የሚያጠላ መጋረጃና ትልቅ መስታወት አንሡ። ከ11 ሰዓት በኋላ ቤቱ ብርሃን ይኑረው። «ቤትህ ፈርሷል» ማለት በየማታው አዲስ መርዶ ነው፤ «ቡና ጠጥተን እንሄዳለን» ብላችሁ ስለ ሠፈሩ አጫውቷቸው። የድሮ ወንበራቸውና ፎቶዎቹ አልጋቸው አጠገብ ይሁኑ። ስልክ ቁጥራችሁ ኪሳቸው ውስጥ ይኑር፣ አልጋው ዝቅ ይበል። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ፣ ብርድ ሳይመታቸው፣ ሰው ደግፏቸው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። አጭሯ እርምጃ ከሃሎፔሪዶሉ በፊት ነበረች። ቀጥታ ጥቁር አንበሳ እንሂድ?

የነርቭ ሐኪም፦ እንግዲያው ጥርጣሬው ጠነከረ። የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ጀምሩ፤ ያለሱ ወጪው በእናንተ ላይ ይወድቃል። የደም ምርመራዎቹ እዚያው ወይም በሆስፒታል ይሠሩና ኒውሮሎጂ ክሊኒኩን ውጤት ይዛችሁ ግቡ። የመድኃኒት ፓኬቶቹን ሁሉ፣ ሌሊት ሲራገጡ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮና ከሳቸው ጋር የሚያድረውን ሰው ይዛችሁ ኑ።

ፋርማሲስት፦ ውክልና የሚያስፈልጋችሁ ከሆነም ደህና በሚሆኑበት ቀን አስቀድማችሁ አስፈጽሙት፤ ምን እንደሚፈርሙ መረዳት ካቃታቸው ውክልና መስጠት አይችሉም፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ይደርሳል።