ቲ-55 በ1/35፦ ሰንሰለቱ አይረግብም፣ ቀለሙ ሸከረ፣ የኦጋዴን አቧራስ እንዴት ይሠራል?

ባለ35 (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። በ1/35 ልኬት የቲ-55 ታንክ የፕላስቲክ ሞዴል እየገጣጠምኩ ነው። የምፈልገው በኦጋዴን ግንባር የነበረ የኢትዮጵያ ጦር ታንክ ነው። ጊዜው የሶቪየት መሣሪያ በብዛት መግባት ከጀመረበት ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ወዲህ፣ የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ እስክትመለስ ያለው ነው። አራት ነገር ላይ ቆሜያለሁ።

አንደኛ፣ ከኪቱ (ከመገጣጠሚያ ሳጥኑ) ጋር የመጣው ሰንሰለት አንድ ወጥ ላስቲክ ነው። ጫፍና ጫፉ ሲገናኝ ይወጠርና ከጎማዎቹ በላይ እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በፎቶ የማየው ግን ጎማዎቹ ላይ የተኛ ሰንሰለት ነው። በተለመደው የፕላስቲክ ማጣበቂያም አልያዝ ብሏል።

ሁለተኛ፣ ቱሬቱ (መድፉን የያዘው ተዟዟሪ አናት) እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። እውነተኛው ግን በቀለጠ ብረት የተቀዳ ስለሆነ ገጹ ሻካራ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀለሙ። የታሚያ አክሪሊክ ነው፤ ቀለምና ቲነር እኩል በእኩል፣ የቀለም መንፊያው (ኤርብራሽ) ኖዝል 0.3 ሚ.ሜ.፣ ግፊት 25 ፒኤስአይ፣ ርቀት 15 ሴ.ሜ. ያህል። ሲደርቅ ብርጭቆ ወረቀት ይመስላል። በክረምት በዚሁ አሠራር ደህና ይወጣ ነበር፤ የባሰው ከጥቅምት ወዲህ ነው።

አራተኛ፣ አቧራው። የግቢ አፈር በማጣበቂያ ሲነሰነስበት አቧራ ሳይሆን ጠጠር ይመስላል። የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ጥርሳም_ጎማ

ወንድሜ፣ የሰንሰለቱንና የቱሬቱን እኔ ልውሰድ።

ቲ-55 የላይኛውን ሰንሰለት ደግፈው የሚመልሱ ትንንሽ ጎማዎች የሉትም። በየጎኑ ያሉት አምስት ትልልቅ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሰንሰለቱ ከኋላው ጥርሳም ጎማ እንደለቀቀ ወደ ታች ይሰምጣል፣ መካከለኞቹ ጎማዎች አናት ላይ ይተኛል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ፊተኛው መወጠሪያ ጎማ ይወጣል። ይህ እርግብታ ከሌለ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ ታንኩ 36 ቶን የሚመዝን አይመስልም።

ከሁሉ በፊት ትርፍ ርዝመት ፍጠር። በእውነተኛው ታንክ ፊተኛው ጎማ የተሰካበት ክንድ ይዞራል፤ ሰንሰለት የሚወጠረውም የሚላላውም በእሱ ነው። በሞዴሉም ይህን ክንድ ቀድመህ አትለጥፈው። ሰንሰለቱን አልብሰህ ክንዱን ወደ ኋላ አዙረውና የሚበቃህን ያህል ሲረግብ ያኔ ለጥፈው። ይህን ዘልለው ላስቲኩን በግድ የሚያለብሱ ሰዎች ከሳምንታት በኋላ ፊተኛው ጎማ ወደ ላይ ተጎትቶ፣ አክሰሉም ጠሞ ያገኙታል። ላስቲክ መሳቡን አያቆምም።

ቀጥሎ ፓራፋንጎው ሳይለጠፍ ከሁለተኛውና ከአራተኛው ጎማ ትይዩ የቀፎውን (የታንኩን አካል) ጎን በ1 ሚ.ሜ. መሰርሰሪያ ብሳ። ቀዳዳው ከጎማው አናት በላይ በሰንሰለቱ ውፍረት ልክ ይሁን። በየቀዳዳው የ1 ሚ.ሜ. ሽቦ ሰክተህ በሱፐር ግሉ አጽና፤ ርዝመቱ ከሰንሰለቱ ግማሽ ስፋት አይለፍ። ሰንሰለቱ ከሽቦው ሥር ያልፋል፣ ሽቦው ይጫነዋል። ፓራፋንጎው ሲመጣ ሽቦው ከእይታ ይሰወራል። ሰንሰለቱና ጎማው በሚነካኩበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርገህ፣ በፓራፋንጎውና በሰንሰለቱ መካከል ስፖንጅ ወትፈህ አሳድረው።

ማጣበቂያ የማይዘው ሁሉም ላስቲክ አንድ ስላልሆነ ነው። አንዳንዱ ፖሊስታይሪንን (የሞዴሉን ፕላስቲክ) በሚያሟሟ ማጣበቂያ ይያዛል፣ ሌላው ዘይት እንደነካው ገጽ ይንሸራተታል። ከፍሬሙ (ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት) በተረፈችው ቁራጭ ላይ ሞክር። ደግሞ የአሮጌ ኪት ላስቲክ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ወደ ፕላስቲኩ ጎማ እየፈለሰ ጎማውን ያቀልጠዋል፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው ሽፋን) እና ቀለም ይኑር።

ሰንሰለቱ በፕላስቲክ ቁርጥራጭ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ የበለጠ እወድልህ ነበር። ቁርጥራጮቹን በማስኪንግ ቴፕ ላይ አሰልፈህ ቶሎ በማይደርቅ ማጣበቂያ ታያይዛለህ፣ 20 ወይም 30 ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ ገና እንደ ሊጥ ሲተጣጠፍ ጎማዎቹ ላይ ትጠቀልለዋለህ። ጥርሳሙን ጎማና ሰንሰለቱን ግን አብረው ከመጡበት ኪት ተጠቀም፤ የተለያየ ኪት ጥርስና ክፍተት አይገጥምም።

ወደ ቱሬቱ ስንመጣ፦ ስቱኮውን በላከር ቲነር እርጎ እስኪመስል አቅጥነው። ጸጉሩ ባጠረ ጠንካራ ብሩሽ ጫፍ ጠቅ ጠቅ እያደረግህ ስስ አድርገህ ቀባ፤ ወደ ጎን አትሳብ፣ መስመር ይተዋል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ፊቱ ሲጠወልግ በዚያው ብሩሽ ድገመው። በማግስቱ በቁጥር 600 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰህ የጎሉትን ጫፎች ብቻ ቁረጥ። በፕራይመር ሥር ሻካራነቱ በጎን ብርሃን ብቻ መታየት አለበት፤ ፊት ለፊት ከታየህ በዝቷል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የቱሬቱ ጎን የተቀዳ ነው፣ ጣሪያው ግን በብየዳ የተያያዘ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ቀፎውም ጠፍጣፋ ብረት ነው። ጣሪያውና ቀፎው ልሙጥ ይቅሩ። የብየዳውን መስመር ለመሥራት የፍሬም ቁራጭ በሻማ አሙቀህ እንደ ክር ሳበው፣ መስመሩ ላይ አስቀምጠህ በቀጭን ማጣበቂያ አለስልሰው፣ ከዚያ በቢላ ጫፍ በቅርብ በቅርቡ ጫን ጫን አድርገው።

ሻርጃ_ሞዴል

የቀለሙ ችግር ቀለሙ አይደለም። ከኖዝሉ የወጣው ጠብታ ፕላስቲኩ ጋር ሳይደርስ አየር ላይ እየደረቀ ነው። እርጥብ ሆኖ ካላረፈ አይዘረጋም፣ እንደ ዱቄት ተደራርቦ ይቀራል። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ ክረምት ላይ ደህና የወጣልህም በእርጥበቱ ምክንያት ነው። እዚህ ባሕረ ሰላጤ ኤሲ ባለበት ክፍል የሚሆነውም ይኸው ነው። ያንተ ቁጥሮች ሦስቱም ማድረቁን ያግዛሉ፦ ቀለሙ ወፍራም፣ ግፊቱ ብዙ፣ ርቀቱ ሩቅ።

ለታሚያ አክሪሊክ አንድ እጅ ቀለም፣ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጅ ቲነር አድርግ። በኩባያው ጎን ሲፈስ እንደ ወተት ስስ ሽፋን ትቶ ቶሎ መንሸራተት አለበት። ግፊቱን ወደ 15 ፒኤስአይ አውርድ፣ ማለትም 1 ባር ያህል፤ ርቀቱ ከ5 እስከ 8 ሴ.ሜ. ይሁን። የሚያዘገይ ፈሳሽ፣ ሪታርደር የሚባለውን፣ ከድብልቁ 5 በመቶ ያህል ጨምር። ከዚያ ካለፈ ቀለሙ ለቀናት ጣት ላይ ይጣበቃል። ሪታርደር ካጣህ ለሞዴል ቀለም የተሠራው ሌቭሊንግ ቲነር ራሱ ማዘግየቻ አለው፣ ከታሚያ አክሪሊክ ጋርም በደንብ ይሠራል። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠውን የናይትሮ ቲነር ግን በዚህ ቦታ አታስገባው፤ ፕላስቲኩን ይበላል፣ ስስ መስመሮቹን ያደበዝዛል። የትኛውንም ላከር ስትነፋ መስኮት ክፈት፣ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ማስክ አድርግ። የጨርቁ ማስክ ለትነት ምንም አያደርግም።

ከላይ ሦስት ስስ ዙር፣ በየዙሩ መካከል አሥር ደቂቃ። እያንዳንዱ ዙር ሲያርፍ ለአፍታ ያህል ርጥብ ሆኖ ማብረቅረቅ አለበት። ካላብረቀረቀ ሩቅ ነህ፣ ከፈሰሰ በጣም ቀርበሃል። አሁን የሸከረውን መግፈፍ አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ሙሉ ካደረቅህ በኋላ በቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ቀስ ብለህ አለስልሰው፣ ቡሎኖቹን ሳትነካ።

ስለ አረንጓዴው ለአንድ ማሰሮ ቁጥር አትጨነቅ። ታንክ ከፋብሪካ የወጣበትን ቀለም ፀሐይና አሸዋ ይለውጡታል፣ በትንሽ ሞዴል ላይ ደግሞ ማንኛውም ቀለም ጠቁሮ ይታያል። በታሚያ ኤክስኤፍ-58 (የወይራ አረንጓዴ) ላይ ከ10 እስከ 20 በመቶ ኤክስኤፍ-57 (ፈዛዛ ቡኒ) ጨምረህ አብራው፤ አግድም ባሉት ገጾች መሃል ደግሞ ይበልጥ የበራ ዙር ንፋ። የጎማዎቹን ላስቲክ ድፍን ጥቁር አትቀባው፣ ኤክስኤፍ-85 (የጎማ ጥቁር) ይበቃል።

ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ካለህ ይህን አስብ፦ አልኮልና ላከር ያለበት ቀለም ተቀጣጣይ ስለሆነ በሻንጣም በእጅም በአውሮፕላን አይገባም። በውሃ የሚቀጥነውን ቢገዛልህ ይሻላል።

ድሬ_ብሩሽ

ወደ አቧራው ከመግባቴ በፊት፣ ኪቱ ቲ-54 ይሁን ቲ-55 አረጋግጥ። በቱሬቱ ጣሪያ ፊት በቀኝ በኩል እንደ እንጉዳይ ያበጠ የአየር ማስወጫ ክዳን ካለ ቲ-54 ነው፤ ቲ-55 የለውም። የከባዱ መትረየስ ነገርም አለ። ቲ-55 በ1950ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓውያን) ሲወጣ የቱሬት ላይ ከባድ መትረየስ አልነበረውም፤ የተመለሰው ከ1970 (ይኸም እንደ አውሮፓውያን) ወዲህ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ስለመጣ ብቻ አትለጥፈው። አንድ ፎቶ ምረጥ፣ ያንን ታንክ ሥራ።

አሁን አቧራው። የግቢ አፈር ያልሠራልህ በልኬቱ ምክንያት ነው። 0.2 ሚ.ሜ. ቅንጣት በ35 ሲባዛ 7 ሚ.ሜ. ጠጠር ይሆናል። አቧራ ማለት ግን እንደ ኮሶ ዱቄት የደቀቀ ነገር ነው። ወይ የሞዴል ፒግመንት (የደቀቀ የቀለም ዱቄት) ግዛ፣ ወይ የሰዓሊ ደረቅ ፓስቴል በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ በሴት ስቶኪንግ ንፋው። የኦጋዴን አፈር ከጅጅጋ ሜዳ ወደ ቆላው ሲወረድ ይለያያልና አንድ ቀለም ብቻ አትጠቀም። ፈዛዛ ቢጫ፣ ቡኒና ቀላ ያለ፣ ሦስት ዕቃ ለየብቻ ይኑርህ፤ ጠቆር ያለው ከታች፣ ፈዛዛው ከላይ።

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ብዙው ሥራ የሚበላሸው። የመሠረቱ ቀለም ከደረቀ በኋላ የሚያበራ ቫርኒሽ ንፋ፣ ከዚያ የቱሬቱን ቁጥር ዲካል (ተለጣፊ ምልክት) ለጥፍ። ደብዛዛ ቀለም ላይ የተለጠፈ ዲካል ከሥሩ አየር ስለሚይዝ እንደ ብር ይነጣል። በሌላ ስስ ቫርኒሽ ሸፍነው። ከዚያ ጠቆር ያለ ቡኒ የዘይት ቀለም በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በጣም አቅጥነህ በቀጭን ብሩሽ በየቡሎኑ ሥርና በየመጋጠሚያው ብቻ ንካ፤ ሙሉውን ታንክ አታጥበው። ቀጥሎ ደብዛዛ ቫርኒሽ። አቧራው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በፒግመንት ላይ እንደገና ቫርኒሽ ከነፋህ አቧራው ይጠቁርና ግማሹ ይጠፋል።

መጀመሪያ አንድ እጅ ኤክስኤፍ-57ን በዘጠኝ እጅ ቲነር አቅጥነህ ከታች ወደ ላይ ንፋ፤ ጎማውና የቀፎው የታችኛው ጎን ይበልጥ ይያዝ። ከዚያ ፒግመንቱን ደረቁን በጥግጋቱ፣ በፓራፋንጎው ላይና ከመሣሪያ ሳጥኖቹ ኋላ አስቀምጥ፤ አኳራጅ በብሩሽ ጫፍ ከዳር አስነካው፣ ራሱ ይስበዋል። አልኮል አትጠቀም፣ ሥር ያለውን አክሪሊክ ያነሳዋል። እርጥብ እያለ ጠቁሮ ይታይሃል፣ አትጨምርበት፤ ሌሊቱን ሲደርቅ ይነጣል። ሰው የሚወጣበትና የሚቆምበት ቦታ፣ የክዳኖቹ ዙሪያና የሾፌሩ መግቢያ፣ አቧራው ተጠርጎ አረንጓዴው ይታይ። ማርሚታው ያለው በግራው ፓራፋንጎ ኋላ ብቻ ስለሆነ ጥላሸቱም እዚያ ብቻ ነው። በሰንሰለቱ መሬት የሚነካ ገጽ ላይ ለስላሳ እርሳስ አሻሸው፤ የተሳለ ብረት ይመስላል።

ባለ35

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ክንዱን ገና አልለጠፍኩትም ነበር፤ ወደ ኋላ ሲዞር ሰንሰለቱ 4 ሚ.ሜ. ያህል ላላ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ የመድፉ አፈ ሙዝ (በርሜሉ) ከሁለት ግማሽ ስለሚጋጠም መስመሩን ስፍቅ ክብነቱ ጠፋ።

ጥርሳም_ጎማ

ወደ ርዝመቱ ስለፈቅከው ነው ጠፍጣፋ የሆነው። ቁጥር 800 ብርጭቆ ወረቀት 1 ሴ.ሜ. ስፋት አድርገህ ቁረጥ፣ ጫማ እንደሚጠርግ ሰው አፈ ሙዙ ላይ ጠምጥመህ ግራና ቀኝ ሳበው፣ በየጥቂቱ ሩብ ዙር አዙረው። የተጎዳውን ቦታ በሱፐር ግሉ ሙላና ጠንክሮ ድንጋይ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ውስጥ ፍቀው። ጫፉ አካባቢ ያለው የባሩድ ጭስ ማውጫ ሲሊንደር ከበርሜሉ ጋር የሚገናኝበት እርከን ስለት ያለው ይቅር፤ እዚያ ቴፕ ጠምጥምበት። የአፈ ሙዙን ቀዳዳም ለካ፦ 100 ሚ.ሜ. ለ35 ሲካፈል 2.86 ይመጣል፣ ስለዚህ በ2.8 መሰርሰሪያ በእጅህ ቀስ እያልህ አስፋው። መሃሉን ቀድመህ በመርፌ ጠቁም፤ ካልሆነ መሰርሰሪያው ወደ መጋጠሚያው መስመር ይሸሻል።