ይህን ቪዲዮ ላሳያቸው ወይስ ልደብቀው?

የቅዳሜ ምሽት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለወጣቶች ዘጋቢ ፊልም አሳያለሁ። አሥራ አራት ልጆች ናቸው፤ ትንሹ 16፣ ትልቁ 19 ዓመቱ ነው። አይተን ስንጨርስ እናወራለን። ይኸው ሦስት ዓመታችን። እንደዚህ ሳምንት ግን ጨንቆኝ አያውቅም።

ከልጆቹ አንዱ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ለቀቀ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ድምፅ የለውም። ደህና የለበሱ ሰዎች ምግብ ቤት ውስጥ እየተሳሳቁ ይበላሉ። ቀጥሎ መንገድ ላይ የወደቀ አስከሬን ይታያል። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎም አያየው። ከሥሩ «አይሁዶች ለራሳቸው ወገን እንኳ አያዝኑም፤ ዓለምን የሚዘውሩት እነሱ ናቸው» የሚል ተጽፏል። ልጁ ደግሞ «ይሄ እኮ ትወና አይደለም፣ እውነተኛ ቀረጻ ነው» ብሎ ጨመረበት። አራት ልጆች ላይክ አደረጉለት።

ልጁ ክፉ አይደለም። ወንበር የሚደረድርልኝ እሱ ነው፤ መጨረሻ የሚወጣውም እሱ። ያመመኝም ለዚህ ነው። ቪዲዮውን አጠፋሁት። አሁን ሳስበው ማጥፋቴ ነገሩን ያባሰው ይመስለኛል፤ «እውነት ስለሆነ ነው የደበቀችው» ይላላ። ናዚዎች አይሁዶችን ስለጨፈጨፉበት ሆሎኮስት አንድ ፊልም ላሳያቸው አስቤያለሁ። የቱን ላሳይ? ደግሞስ ይህ ቀረጻ ምንድን ነው?

ኤዲተሩ፦

እህቴ፣ ከነገርሽን ተነስቼ ቀረጻውን ያወቅሁት ይመስለኛል። ልጁ «እውነተኛ ቀረጻ ነው» ማለቱ ግማሹ ልክ ነው። ቦታው የዋርሶ ጌቶ ነው፤ በፖላንድ ዋና ከተማ በግንብ የተከለለ ሰፈር። ሰዎቹም እዚያ የታጎሩ አይሁዶች ናቸው። ካሜራውን የያዘው ማን ነው? ናዚዎች ናቸው። በፈረንጆቹ ሜይ 1942 ጀርመኖች የፊልም ቡድን አስገብተው ለአንድ ወር ያህል ቀረጹ። ከዚያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጁላይ 22፣ ሰዎቹን ወደ ትሬብሊንካ የግድያ ካምፕ ማጋዝ ጀመሩ። እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ወደ 265,000 ሰው ተጭኗል።

ፊልሙ ሳያልቅ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ጥቅሎቹ በምሥራቅ ጀርመን መዝገብ ቤት ተገኙ፤ ለብዙ ዓመታትም የጌቶው ትክክለኛ ሕይወት ነው እየተባለ ሲታይ ኖረ። በ1998 ግን ሌላ ጥቅል ብቅ አለ፤ ተቆርጦ የተጣለው ክፍል። እዚያ ላይ ያው አንድ ትዕይንት ተደጋግሞ ሲቀረጽ ይታያል። ሰዎቹ ተመልሰው ያንኑ መንገድ እንደገና ያልፋሉ። የካሜራ ባለሙያው ራሱ ሳያስበው ምስሉ ውስጥ ይገባል። ሥራዬ ኤዲቲንግ ስለሆነ ይህን ሳይ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። የሚጣለው ቀረጻ ስንት ነገር እንደሚያጋልጥ አውቃለሁና።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ሁሉም ውሸት ነው» እንዳትያቸው። ረሃቡና አስከሬኑ እውነት ነው። ያስራቧቸው ግን ካሜራውን የላኩት ራሳቸው ናቸው። እስራኤላዊቷ ዳይሬክተር ያኤል ሄርሶንስኪ ይህንኑ ታሪክ በ2010 «ኤ ፊልም አንፊኒሽድ» ብላ ሠርታዋለች። ከጌቶው የተረፉ አዛውንቶች ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ያንን ቀረጻ ያያሉ። የምታሳዪው እሱን ነው።

ከዚያ የወጣሁ፦

በ17 ዓመቴ ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ሌሊት ኢርፎን ሰክቼ አንዱን ቪዲዮ ሳይ ቀጣዩ በራሱ ይመጣል። ጥላቻ ነው ብዬ አላሰብኩም። ሌላው ሰው የማያውቀውን ምስጢር የደረስኩበት ነበር የመሰለኝ። ያ ስሜት ይጣፍጣል። «ተሳስተሃል» ያለኝን ሁሉ ገና አልነቃም እያልኩ አልፈው ነበር። ስለዚህ እባክሽ በጓደኞቹ ፊት አታሳፍሪው። ካሳፈርሽው ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። የሚያቅፉት እነዚያው ናቸው።

የሬሳ ክምርም አትጀምሪላቸው። እኔ ብዙ አይቼ ነበር፤ ዓይኔ ለምዶታል። የያዘኝ የክሎድ ላንዝማን «ሾዓ» ነው፤ በ1985 የወጣው። ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይረዝማል፣ አንድም የድሮ ቀረጻ የለበትም። አብርሃም ቦምባ የሚባል ፀጉር አስተካካይ አለ። የሰው ፀጉር እየቆረጠ ያወራል። ትሬብሊንካ ውስጥ ሊገደሉ የገቡ ሴቶችን ፀጉር እንዲቆርጥ ተገድዶ ነበር። የአንድ አብሮት የሚሠራ ጓደኛው ሚስትና እህት የገቡ ቀን ላይ ሲደርስ ንግግሩ ተቋረጠ። መቀጠል አቃተው። ካሜራው ግን አልዞረም። እኔ ለሁሉም ነገር ሴራ አገኝለት ነበር፤ ለዚያ ዝምታ ግን አጣሁለት። ያን ክፍል ብቻ ቆርጠሽ አሳዪያቸው፣ ይበቃል።

መምህርት፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። የምፈራው ልጆቹ አይሁድን የሚያውቁት እንደ ሬሳ ብቻ እንዳይሆን ነው። እዚያው ጌቶ ውስጥ ኢማኑኤል ሪንግልብሉም የሚባል የታሪክ ሰው ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር ተደብቀው ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ የልጆች ድርሰት፣ የራሽን ካርድ ሳይቀር ሰበሰቡ። በቆርቆሮ ሣጥንና በወተት ገንቦ አድርገው ቀበሩት። አንዱ ክፍል በ1946፣ ሌላው በ1950 ተቆፍሮ ወጣ። ናዚ የቀረጸውንና እነሱ ስለራሳቸው የጻፉትን አብረሽ አቅርቢ።

ደግሞ አንዱ ስለ ጋዛ መጠየቁ አይቀርም። አትሽሺው። መንግሥትን መተቸት ይቻላል፣ ለሞተ ሕፃንም ማዘን ተገቢ ነው። በፈረንጆቹ 2018 አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ምኩራብ ውስጥ የተገደሉት 11 ሰዎች ግን ለጸሎት የመጡ ነበሩ፤ የተገደሉትም አይሁድ ስለሆኑ ነው። ይህን ልዩነት ልጆች ይረዱታል፤ ታግሠሽ አስረጃቸው።

የቅዳሜ ምሽት፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሐሙስ ልጁን ለብቻው ጠርቼ «ያን ቪዲዮ ማጥፋት አልነበረብኝም፤ አብረን እንመርምረው» አልኩት። ቅዳሜ ላፕቶፑን የያዘው እሱ ነው። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ምስሉ ውስጥ ሲገባ አቆመውና ሳይጠየቅ ወደ ኋላ መለሰው። ሦስት ጊዜ አየነው። ከዚያ አንዲት ሴትዮ ላይ አቁሞ «ስሟ ይታወቃል?» አለ። አላውቅም አልኩት።

ስለ ለቀቀው ጽሑፍ ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሁሉም ነገር አልወጣለትም። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «እሺ፣ የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮልስ?» አለኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ልያዝ?

ኤዲተሩ፦

መጠየቁ ደስ ይላል። ፕሮቶኮልስ የሚባለው አይሁዶች ዓለምን ለመግዛት አሲረዋል የሚል የሐሰት ጽሑፍ ነው፤ መጀመሪያ የታተመው በ1903 ሩሲያ ውስጥ ነው። የለንደኑ ታይምስ በ1921 ከየት እንደተገለበጠ አጋልጧል። ፈረንሳዊው ሞሪስ ጆሊ በ1864 ናፖሊዮን ሣልሳዊን ለመንቀፍ ከጻፈው ነው። የአይሁድ ሴራ የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ከሁለቱም ተመሳሳይ አንቀጾችን ጎን ለጎን አትሚና እርሳስ ስጪው። የተገለበጠውን እሱ ራሱ ያስምርበት።