ለጋራ የውኃ ማጠራቀሚያ መንግሥት ስንት ይክፈል፣ እኛስ?

ገንዘብ ያዡ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የውኃ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ የምህንድስና ዕውቀት የለኝም። ሦስት ከተሞችና በመካከላቸው ያሉ የመስኖ ተጠቃሚዎች በጋራ የሚገለገሉበት ማጠራቀሚያ ሊሠራ ታስቧል። ግማሹን ወጪ መንግሥት በድጎማ፣ ሌላውን ግማሽ እኛ በብድር እንሸፍንና ብድሩን ከታሪፍ እንክፈል የሚል ረቂቅ ስምምነት ደርሶናል።

ስብሰባው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን “ውኃ የሕዝብ ነው፣ ሙሉውን መንግሥት ይቻል” ይላል። ሌላው “ባለ እርሻው ለሚያተርፍበት ውኃ መስኖ አይቶ የማያውቅ ግብር ከፋይ ለምን ይክፈል?” ይላል። ሁለቱም እውነት ስለመሰሉኝ ዝም አልኩ። ገንዘብ ያዥ ዝም ሲል ደግሞ ሰው ይፈራል።

ፍትሐዊው ድርሻ ስንት ነው? ረቂቁ 38 ገጽ ነው፤ በተለይ የትኛውን ክፍል ላንብብ?

ደለል፦

ጡረታ የወጣሁ ኦዲተር ነኝ። ብዙ የግድብ ሒሳብ ስላገላበጥኩ ልጆቼ “ግድብ አፍራሿ” ይሉኛል። አንድም አላፈረስኩም።

መቶኛውን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ገንዘቡ የሚገዛው ምን እንደሆነ ነው። የካሊፎርኒያ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2014 ፕሮፖዚሽን 1 የተባለውን ሕግ ሲያጸድቁ ለውኃ ማጠራቀሚያ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። ሕጉ ግን ይህ ገንዘብ ለሕዝብ ጥቅም ብቻ እንዲውል ያዛል፦ ጎርፍ ለመከላከል፣ ለወንዙ ሕይወት፣ ለውኃ ጥራት፣ ለድንገተኛ አደጋ፣ ለመዝናኛ። ለእርሻና ለቧንቧ የሚሸጠውን ውኃ ወጪ የሚሸከመው ገዢው ነው። ስለዚህ ስብሰባችሁን የከፈለው ጥያቄ መልስ አለው፤ ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው፣ የሚያወሩት ግን ስለ ተለያየ ውኃ ነው።

ነገሩ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ሕጉ ከጸደቀ 10 ዓመት በኋላ እንኳ ከተመረጡት ትልቁ ፕሮጀክት፣ ሳይትስ፣ ግንባታው አልተጀመረም ነበር። ሎስ ቫኬሮስ የተባለውን ማጠራቀሚያ የማስፋፋቱ ሐሳብም በ2024 ተትቷል። መንግሥት ድርሻውን መድቦም አጋሮቹ በቀረው ወጪ ካልተስማሙ ግድብ አይቆምም።

አሁን ወደ ረቂቁ። የድርሻውን ገጽ ሁሉም ሰው ያነበዋል። እርስዎ ወጪው ከግምት ካለፈ ማን ይከፍላል የሚለውን አንቀጽ ይፈልጉ። በ2014 የወጣ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት 245 ትላልቅ ግድቦችን አይቶ ወጪያቸው ከግምቱ በአማካይ በ96 በመቶ ማለፉን አግኝቷል። በኒው ዚላንድ የዋይሜያ ግድብ የአካባቢው ምክር ቤትና የመስኖ ተጠቃሚዎች የጋራ ነው። ግንባታው ሲጀመር ግምቱ ከ100 ሚሊዮን የኒው ዚላንድ ዶላር ብዙም አይርቅም ነበር፤ ሲያልቅ ግን እጥፍ ገደማ ሆነ። ከተከፈተ ዓለት ያልተጠበቀ ነገር ወጣ፣ ሥራው ተራዘመ፣ ወጪው እግር አወጣ። ያኔ ማንም “ድርሻችን ስንት ነበር?” ብሎ አይጠይቅም። ሁሉም የሚያገላብጠው ያንን አንቀጽ ነው።

ቦይ ጠራጊ፦

ኦዲተሯ የተናገሩት ልክ ነው፤ ግን “የሚሸጠውን ውኃ ወጪ ገዢው ይሸከም” ማለት ከቦዩ ጫፍ ሆኖ ሲታይ ሌላ ነው። ውኃ ሲያንስ ቀድሞ የሚደርቅበት የመጨረሻው ሰው ነው። ታሪፉ ግን ከላይኛው እኩል ነው። ድጎማ ለዚህ ሰው ቢሆን አልቃወምም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ድጎማው የሚሰላው በመሬት ስፋት ስለሆነ ብዙ መሬት ያለው ብዙ ይደጎማል።

የበር ጠባቂ፦

እኔ የግድብ በር ከፍቼ የምዘጋ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር።

ወንድሜ፣ ረቂቁ ላይ “ጎርፍ ይከላከላል” የሚል ካለ እርሳስህን አንሳ። ጎርፍ የሚይዘው ባዶ ቦታ ነው። ዝናብ ሲመጣ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ከጠበቀው የሚመጣው ሁሉ በማስተንፈሻው ይወርዳል፤ ከታች ያለው ሰው ግድብ መኖሩንም አያውቅም። መስኖ ደግሞ ሞልቶ እንዲጠብቅ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የአዋጭነት ጥናቱ ያንኑ ቦታ አንዴ ለጎርፍ፣ አንዴ ለመስኖ ከቆጠረው አንድ በሬ ለሁለት ገዢ ተሸጧል ማለት ነው። መንግሥት ለጎርፍ ጥቅም ብሎ ከፍሎ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል ማኅበሩ “በሩን እንዳትከፍት፣ ውኃችን ነው” ብሎ የደወለልኝን ቀን አልረሳውም። በየወሩ ስንት ሜትር ባዶ እንደሚተው በስምምነቱ ይጻፍ። ካልተጻፈ የሚወስነው ስልክ ነው።

ሌላው፣ የማጠራቀሚያው ይዘትና በየዓመቱ የምታገኙት ውኃ አንድ አይደሉም። በሞቃት ስፍራ በዓመት 2 ሜትር ያህል ሊተን ይችላል። የውኃው ገጽ 1 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከሆነ ያ ብቻውን 2 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው። ብድሩ ግን በተነነውም ላይ ወለድ ይቆጥራል።

ደለል፦

የበር ጠባቂው የተናገሩትን በሰነድ ፈልጌ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በስሜም ምክንያት አንድ ነገር ልበል። በሱዳን አትባራ ወንዝ ላይ ያለው የከሽም ኤል ጊርባ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሠራ ይዘቱ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነበር፤ ግማሽ ያህሉን ደለል በልቶታል። ሪባን የሚቆረጥበት ገንዘብ ሁልጊዜ ይገኛል። ከላይ ያለውን ተዳፋት ለመጠበቅና ደለል ለማጠብ ግን በጀት የሚይዝ የለም፤ ፎቶ የለውማ። ከመንግሥት ጋር ስትደራደሩ ለግንባታው 5 በመቶ ከምታስጨምሩ ለተፋሰሱ ሥራ የ20 ዓመት ግዴታ አስገቡ። ቀድሞ የተሠራ ግድብ ካለ እሱን ከፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። የሱዳኑ የሮዛሪስ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2013 በ10 ሜትር ከፍ ብሎ ይዘቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከርሰ ምድሩ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ የክረምቱን ውኃ ወደ መሬት ማስረግ አለ፤ እዚያ ትነት አይደርስበትም።

ገንዘብ ያዡ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን 38ቱንም ገጽ አነበብን።

ስለ ባዶ ቦታው አንድ መስመር የለም። “ጎርፍን በመከላከል” የሚለው ሐረግ ግን 6 ጊዜ ተጽፏል፤ ልጄ ናት የቆጠረችው። የወጪው አንቀጽ ገጽ 31 ላይ አለ፦ “ከግምት በላይ የሚመጣ ወጪ በተዋዋይ ወገኖች ይሸፈናል።” ደግ ነው ብዬ ላልፍ ስል ወደ ገጽ 2፣ ወደ ትርጓሜው ተመለስኩ። ተዋዋይ ወገኖች ተብለው የተዘረዘሩት ሦስቱ ከተሞችና የመስኖ ማኅበሩ ናቸው። መንግሥት የተጠቀሰው “ደጋፊ አካል” ተብሎ ነው።

ፊርማው ሐሙስ ነው። ለሰብሳቢው አሁን ልደውል ነው።

ደለል፦

ይደውሉ። ውኃውን እንገዛለን ብለው በጽሑፍ የፈረሙት ስንት እንደሆኑም በዚያው ይጠይቁ። በቃል “እንገዛለን” ያሉትን አይቁጠሩ።