ዋስትና ጥሎ የጠፋ ጠበቃ፦ ከመዝገብ መሰረዙ ልክ ነበር?

ጥቁር ካባ፦ የብራም ፊሸር ነገር ትናንት ስለተነሳ እንከራከርበት። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ሰውየው ደቡብ አፍሪካዊ ነጭ ነው፤ አያቱ የኦሬንጅ ሪቨር ቅኝ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አባቱ የኦሬንጅ ፍሪ ስቴት ዳኞች የበላይ። በ1964 ማንዴላና ጓዶቹ ከስቅላት ተርፈው ዕድሜ ልክ ሲፈረድባቸው የጠበቆቹ መሪ እሱ ነበር። በዚያው ዓመት ራሱ ተከሰሰ፣ በዋስ ወጣ፣ ጥር 1965 ተሰወረ። የጠበቆች ማኅበሩ አመለከተ፤ ከጠበቆች መዝገብ ተሰረዘ።

የልደታው፦ ልክ ነው። ደንበኛዬ በዋስ ወጥቶ ሲቀር ዳኛው ከመነጽሩ በላይ ቀና ብሎ የሚያየው እኔን ነው። ጠበቃው ራሱ ከቀረማ ለሌላው ዋስትና በምን አፌ ልጠይቅ?

ቡና ጠጡ፦ የቱ ፍርድ ቤት? ጥቁሩን በገዛ አገሩ የይለፍ ወረቀት አልያዝክም ብሎ የሚያስረው?

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ በዋስ እያለ ለአንድ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ክርክር ለንደን እንዲሄድ ፈቅደውለት ነበር እኮ። እዚያው ቢቀር ማን ያመጣው ነበር? ተመልሶ መጣ። የጠፋውም እዚያው አገሩ ውስጥ ነው፤ መልኩን ቀይሮ ዘጠኝ ወር ተኩል ገደማ ተደብቆ።

የልደታው፦ ይኸው የባሰው! አምነውት ነዋ።

ጥቁር ካባ፦ ለእኔ ክብደት ያለው ለጠበቃው የተወው ደብዳቤ ነው፤ ችሎት ላይ ተነቧል። ሠላሳ ዓመት በሄድኩበት መንገድ ፍትሕን ማገልገል ከእንግዲህ አልችልም ይላል። ሙያውን ራሱ ተሰናብቷል። እኔን የሚያበሳጨኝ የባልደረቦቹ ጥድፊያ ነው፤ ሰውየው ሳይያዝ፣ ሳይፈረድበት ሰረዙት።

ቡና ጠጡ፦ እኛስ ሕጉን አልሞከርንም? ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ስድስት ዓመት ተሟግተው፣ ፊሸር ዕድሜ ልክ በተፈረደበት በ1966፣ «በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም የላችሁም» ተባሉ።

የልደታው፦ የእኛዎቹ ግን ተሸነፍን ብለው ፀጉር ቀይረው አልተደበቁም 😂

ተማሪዋ፦ ፊሸር በ1975 በካንሰር ሞተ፤ አመዱን እንኳ እስር ቤቱ ወሰደው። በ2003 ፍርድ ቤት ስሙን ወደ መዝገቡ መለሰ። ይህንንም ይቃወማሉ ጋሼ?

የልደታው፦ አልቃወምም ልጄ። በ1965 እዚያ ብኖር ግን የስረዛው ማመልከቻ ላይ እፈርም ነበር። በሉ ደህና እደሩ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት የዋስትና ክርክር አለብኝ።