ማቴዎስ ላይ የሞተው ሄሮድስ ሉቃስ ላይ እንዴት ተገኘ?

የቱሉ ዲምቱ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለ የቆርቆሮ አዳራሽ እሑድ እሑድ ሕፃናት አስተምራለሁ። ባለፈው እሑድ አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ሄሮድስ ማቴዎስ 2 ላይ ሞቷል፤ ታዲያ ጲላጦስ ጌታችንን ወደ ሄሮድስ የላከው እንዴት ነው?» አለኝ። «ያኛው ልጁ ነው» አልሁት። «ታዲያ ለምን ንጉሥ አልተባለም? የአራተኛው ክፍል ገዥ ከሆነ ሦስቱ ክፍሎች የማን ናቸው?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። ለሚመጣው እሑድ ቃል ገብቼለታለሁና እርዱኝ።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ከሰበታ፦

ልጄ፣ እንዲህ ያለ ተማሪ ማግኘት መታደል ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።

ታላቁ ሄሮድስን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ40 ንጉሥ ያለው የሮም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ነው። ኢየሩሳሌምን የያዘው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ያውም በሮም ጦር ታግዞ ነው። በአገሩ ላይ የፈለገውን ያደርጋል፤ ሁለት ልጆቹን ለመግደል ግን የአውግስጦስ ቄሣርን ፈቃድ ጠይቋል። ለምኒልክ እየገበረ ራሱን ያስተዳድር የነበረውን የአባ ጅፋርን ጅማ አስቢ።

ሄሮድስ ከልደት በፊት በ4 ሲሞት ኑዛዜው የሚጸናው ቄሣር ሲያጸድቀው ብቻ ነበር። ልጁና ወራሹ አርኬላዎስ ገና ወደ ሮም ሳይነሣ፣ በፋሲካ በዓል፣ ወታደር አስገብቶ 3,000 ያህል ሰው አስገደለ። የአንደኛው መቶ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ እንደመዘገበው 50 የአይሁድ መልእክተኞች ተከትለውት ባሕር ተሻገሩ፤ በሮም ከሚኖሩት አይሁድም ከ8,000 በላይ አብረዋቸው ቆሙ። ልመናቸው አንድ ነው፦ ከዚህ ቤት ንጉሥ አይሹምብን።

አውግስጦስ ግዛቱን ለሦስት የሄሮድስ ልጆች ከፈለው። ድፎ ዳቦ ይዘሽ ሂጂና ቁረጪላቸው፦ ግማሹ ለአርኬላዎስ፤ ቀሪው ግማሽ ለሁለት ተከፍሎ ሩቡ ገሊላን ለያዘው ለአንቲጳስ፣ ሩቡ ለፊልጶስ። ተማሪሽ የጠየቀሽ «ሦስቱ ክፍሎች» የአርኬላዎስ ሁለት ሩብና የፊልጶስ አንድ ሩብ ናቸው። የንጉሥነቱን ስም ለአንዳቸውም አልሰጠም። አርኬላዎስ ከልደት በኋላ በ6 ተሽሮ ወደ ጋል፣ ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ተጋዘ፤ በእሱ ድርሻ ላይ ሮማዊ ሹም ተቀመጠ። ጲላጦስ በይሁዳ፣ ሄሮድስ አንቲጳስ በገሊላ ገዥ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ዲያቆን፣ ከለገጣፎ፦

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የአባ ጅፋር ምሳሌ አልተዋጠልኝም። አባ ጅፋር ዙፋኑን ከአባቶቻቸው ወርሰው ነው የገበሩት። ሄሮድስ ግን የኤዶማዊው የአንቲጳጥሮስ ልጅ ነው፤ የነገሠው ከእሱ በፊት አይሁድን ይገዛ የነበረውን የሐስሞናውያንን ቤት አስነቅሎ ነው። ከዚያው ቤት ያገባትን ማርያምኔንም አስገድሏታል። ሕዝቡ ይህን አልረሳም።

እህቴ፣ ሉቃስ 19ንም አንብቢላቸው። መንግሥት ሊቀበል ሩቅ አገር የሄደው መኰንን፣ የአገሩ ሰዎችም «አይንገሥብን» ብለው መልእክተኛ የላኩበት፣ ብዙ ተርጓሚዎች ከአርኬላዎስ ጉዞ ጋር ያያይዙታል። የሐዋርያት ሥራ 12 ላይ ያዕቆብን ያስገደለው ደግሞ ሌላ ነው፤ የታላቁ ሄሮድስ የልጅ ልጅ ቀዳማዊ አግሪጳ። ጳውሎስ የቀረበው በዚህኛው ልጅ፣ በዳግማዊ አግሪጳ ፊት ነው።

ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ከሰበታ፦

እርማትህን ተቀብያለሁ፣ ልጄ። መገበር አንድ ነገር ነው፣ በሌላው እጅ መሾም ሌላ ነገር ነው። ለያይቼ መጻፍ ነበረብኝ።

የቱሉ ዲምቱ መምህርት፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ዛሬ እናቴ የጋገረችውን ድፎ ይዤ ሄድሁና እንዳሉት ቆረጥሁት። ስለ ፋሲካው ግድያ ስነግራቸው አዳራሹ ጸጥ አለ። ያ ልጅ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ማቴዎስ 2፥22 ላይ ጣቱን አሳረፈና፣ «ዮሴፍ ወደ ይሁዳ መሄድ የፈራው ለካ ለዚህ ነው» አለኝ።