የእንግዳ ማረፊያችን ድረ ገጽ በጉግል ፍለጋ ለምን አይገኝም?

ጥያቄ፦ ጠያቂው ከሐረር
ሰላም ለሁላችሁ። በጁገል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ ከቤተሰብ በወረስነው ባህላዊ የሐረሪ ቤት አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለን። ድረ ገጻችን ሁለት ዓመት ቢሞላውም፣ ፈላጊው የማረፊያውን ስም ራሱን ካልጻፈ በቀር በጉግል አያገኘንም። የክፍሎቹ ዋጋ፣ የቁርሱ ዓይነትና ከሸዋ በር የሚያመጣው መንገድ ሁሉ የተጻፈው ለበራሪ ወረቀት በተዘጋጀ አንድ ምስል ላይ ነው። ገጹን የሠራልን ባለሙያ ግን በገጹ ኮድ ውስጥ ያለውን፣ ለጎብኚ የማይታየውን «ቁልፍ ቃላት» የሚባል ክፍል በረጅም ዝርዝር ሞልቶታል። ማስታወቂያ ለማስነገር አቅሙ የለንም፤ ራሳችን ምን ብናስተካክል ይሻላል?

መልስ 1፦ ከድሬዳዋ
በዚያ ዝርዝር ላይ ጊዜዎን አያጥፉ፤ ጉግል ለደረጃ አሰጣጥ፣ ማለትም የፍለጋ ውጤቶችን ቅደም ተከተል ለመወሰን፣ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. በይፋ አስታውቋል። ዋናው እንቅፋት ምስሉ ነው፤ ጉግል በምስል ላይ ያለን ጽሑፍ እንደ ተራ ጽሑፍ አያነበውም። በላዩ ያለውን ሁሉ በገጹ ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ይጻፉት። ቀጥሎ በፍለጋ ውጤት ላይ የሚታየውን የገጹን ርዕስ ይመልከቱ፤ «መነሻ ገጽ» የሚል ከሆነ ለፈላጊው ምንም አይነግረውም፤ «በሐረር ጁገል ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ» ቢል ግን ፍሬ ነገሩን ይይዛል። ለክፍሎቹ፣ ለዋጋውና ለመንገዱ የየራሳቸው ገጽና ርዕስ ቢኖራቸው መልካም ነው። በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ የሚያርፈው እዚህ ድሬዳዋ ስለሆነ፣ «ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሐረር እንዴት ይመጣል» የሚል ገጽ ብዙ ሰው የሚጠይቀውን ይመልሳል። ከርዕሱ ሥር የሚታየው አጭር መግለጫ ደረጃ ባያሳድግም፣ ፈላጊው ገጹን እንዲከፍት ይጋብዛል።

መልስ 2፦ ከሐረር
የፊደላችን ጉዳይ እንዳይረሳ አደራ። አንዱ «ሐረር»፣ ሌላው «ሀረር» ወይም «ሃረር»፣ አንዱ «ጁገል»፣ ሌላው «ጀጎል» ብሎ ይጽፋል። በርዕሱ አንዱን አጻጻፍ አጽንተው ይያዙ፤ ሌሎቹን ተገቢ በሆነበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገቡ እንጂ ደርድረው አይከምሯቸው፤ ጉግልም መከመርን ይቃወማል። ጽሑፉን ከድሮ ፋይል የሚገለብጡ ከሆነ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል አመዘጋገብ ሥርዓት) የተተየበ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ለፍለጋ ሞተሩ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ነው። የእንግሊዝኛውንም ጽሑፍ ከአማርኛው ሳይቀላቅሉ በራሱ ገጽ ያኑሩት።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፉን ዛሬውኑ መተየብ ጀምረናል። የክፍሎቹን ፎቶዎችስ እናስወግዳቸው?

መልስ 1፦
በፍጹም፤ እንግዳው ቤቱን ማየት ይፈልጋል። ነገር ግን በስልክ ቶሎ እንዲከፈቱ መጠናቸውን ይቀንሱ፤ ለእያንዳንዱም «በግድግዳው ላይ ስፌቶች የተሰቀሉበት የሐረሪ ቤት ሳሎን» እንደሚለው ያለ አማራጭ ጽሑፍ፣ ማለትም ምስሉ ምን እንደሚያሳይ በኮዱ ውስጥ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ፣ ይስጡ። ሲጨርሱ በነጻ በሚገኘው ጉግል ሰርች ኮንሶል በተባለው የድረ ገጽ ባለቤቶች መሣሪያ፣ ጉግል ገጾቹን እንደገና እንዲመለከታቸው ይጠይቁ፤ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።