ለበቆሎ የምረጨው የአረም መድኃኒት በአራተኛው ዓመት ለምን ሰነፈ?

ጠያቂ (ባሕር ዳር ዙሪያ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቃዳ ማሳ አለኝ፤ አራት ዓመት በተከታታይ በቆሎ ዘርቼበታለሁ። በየዓመቱ እንደዘራሁ አረሙ ሳይበቅል አትራዚን እረጫለሁ። በመጀመሪያው ዓመት በቆሎው ጉልበት እስኪደርስ መሬቱ ንጹሕ ነበር። ዘንድሮ ግን በሦስተኛው ሳምንት መጩም፣ የውኃ አንቁሩም፣ ሣሩም አንድ ላይ ፈላ። መጠኑን አልቀነስኩም፤ ዝናቡም ደህና ነው። እጥፍ አድርጌ ልርጨው?

የአባይ ማዶ ልጅ፦ መድኃኒቱ ተመሳስሎ የተሠራ ነው። እኔም አምና እንዲሁ ተታልዬ ውኃ ስረጭ ከረምኩ። የምትገዛበትን ሱቅ ቀይር።

ጡረተኛ የልማት ሠራተኛ፦ ወንድሜ፣ እጥፍ አታድርግ። አረሙ መድኃኒቱን ተላምዶት ቢሆን አንዱ ዓይነት ብቻ ከመጀመሪያው ተለይቶ ይተርፍ ነበር። ያንተ ግን ሁሉም ታፍኖ ቆይቶ አንድ ላይ ወጣ፤ መድኃኒቱ ሠርቶ ሳለ ቶሎ አልቆብሃል። የበሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። አትራዚን ናይትሮጅን ስላለው ለአንዳንዶቹ ምግባቸው ነው፤ በየዓመቱ ሲቀርብላቸው በላተኞቹ ይበዛሉ። ባልለመደ አፈር ግማሹ እስኪጠፋ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፤ በለመደው ከ10 ቀን በታች ሊሆን ይችላል። የክረምታችን እርጥብና ሞቃት አፈር ደግሞ ይመቻቸዋል። እጥፍ ረጨህ ማለት ድግሱን አሰፋህላቸው ማለት ነው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ለጤፉ የምረጨው የአረም መድኃኒት፣ 2,4-ዲ፣ ለምን አልሰነፈብኝም?

የአፈር ተማሪ፦ 2,4-ዲንም ይበሉታል፤ ደጋግሞ ሲሰጣቸው እንደሚፈጥኑ እ.ኤ.አ. በ1949 ታይቷል። ነገር ግን እሱ የሚረጨው በበቀለው አረም ቅጠል ላይ ነው፤ ወደ አፈር የወረደው ቢበላ አይጎዳህም። አትራዚን ግን አፈር ውስጥ ሆኖ የሚበቅለውን መጠበቅ አለበት።

የሱቁንም ጥርጣሬ አብረህ አጣራ። ሁለት ጣሳ ከማሳህ፣ ሁለት ጣሳ መድኃኒት ነክቶት ከማያውቅ የድንበር አፈር ሙላ። ከየዓይነቱ አንዱን እንደ ማሳው መጠን ርጭ፤ ያልተረጩት ለማነጻጸሪያ ይቆዩ። እያረጠብክ ሦስት ሳምንት ጠብቀህ በሁሉም አጃ ዝራ። አጃው መብቀሉ አያታልልህ፤ አትራዚን ካለ ከቅጠሉ ጫፍ ቢጫ እየሆነ የሚደርቀው ከበቀለ በኋላ ነው። ከተረጩት የድንበሩ ደርቆ የማሳህ ከለመለመ፣ በላተኞቹ ማሳህ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ከለመለሙ ወደ ሱቁ ተመለስ። ጓንት አድርግ፤ ጣሳዎቹን ከልጆችና ከዶሮ አርቅ።

የጎርጎራ ገበሬ፦ እኔ በቆሎውን በዳጉሳና በኑግ ማፈራረቅ ከጀመርኩ ወዲህ አትራዚን በየዓመቱ አልረጭም፤ ስለዚህ በረጨሁበት ዓመት ይሠራልኛል። ሐይቅ ዳር ለምንኖር መድኃኒቱ ቶሎ መበላቱ በአንድ በኩል ደግ ነው፤ ከጎርፍ ጋር ወደ ጣና የሚወርደው ያንሳል። ለአራሚዋ ግን ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። ለዘንድሮው ሽልሻሎ፣ ማለትም በበቀለው በቆሎ መካከል በበሬ ማረስ፣ ይሻልሃል።

ጠያቂ፦ እሺ እህቴ። ጣሳዎቹን ዛሬ እሞላለሁ፤ ለሽልሻሎው ነገ በሬ እጠምዳለሁ።

የጎርጎራ ገበሬ፦ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ግባ። የውኃ አንቁሩን ደግሞ ለቅመህ ከማሳው አውጣው፤ ጭቃ ላይ የተጣለ ቁራጭ እንደገና ሥር ይሰዳል።